የሌሉ በሽተኞች ክፍል

ጥቅምት 9

ለማከብርሽ ለአክስቴ ልጅ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። እዚያ ዋና ከተማ ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደህና ነን። አክስቴ ዓይኗን ደከም ቢላትም በር ላይ ወንበሯን አውጥታ አላፊ አግዳሚውን መቁጠር አልተወችም። "ልጄ ምን አለች?" ባለችኝ ቁጥር ያላልሽውን ሰላምታ እየፈጠርኩ እነግራታለሁና ቶሎ ብለሽ እውነተኛውን ላኪልኝ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ።

በስልክ ያላነሳሁት አክስቴ አጠገቤ ስለነበረች ነው። የምለምንሽ ነገር አለኝ። እንደምታውቂው በሆስፒታሉ ውስጥ የኮምፒውተር ሰው የሚባል እኔ ብቻ ነኝ። ክፍሌ ደረጃው ስር ነው፤ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራው አናቴ ላይ ይራገፋል። የመድኃኒት ማዘዣውን ፕሮግራም የሠራልን ድርጅት ከተዘጋ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የጎደለውን የምሞላውም የተበላሸውን የምጠግነውም እኔ ነኝ። የምጠግነው ግን እዚያው በሚሠራበት ላይ ነው። በሽተኛው ተሰልፎ፣ ሐኪሙ እያዘዘ፣ መድኃኒት ክፍል ተለጣፊ ወረቀት እያተሙ፣ እኔ ከታች ሆኜ ኮዱን እነካካለሁ። ብታይኝ ትጮኺብኝ ነበር።

ያንቺ ሥራ ሶፍትዌር መሞከር ነው። ዋናውን ሳልነካ፣ ብሳሳትም ማንንም ሳልጎዳ ለውጥ የምሞክርበት ቦታ እንዴት እንደማዘጋጅ አስተምሪኝ። የማትጠቀሚበት አሮጌ ላፕቶፕ ካለሽም ሰው ስታገኚ ላኪልኝ። ባለፈው ወር ትንሽ ችግር ደርሶ ነበር። አለፈ። ግን ጠንቀቅ ማለት ይሻላል ብዬ ነው።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል። ያቺ ሳቂታዋ ፋርማሲስት፣ አክስቴን "እናቴ" የምትላት፣ ከሥራ ተሰናበተች። የልብ መድኃኒት ላይ በቀን ግማሽ ክኒን ብላ መጻፍ ሲገባት አምስት ብላ ጽፋለች ተብሎ ነው፤ አንድ ጡረተኛ ሹፌር ሞቱ። ጣሪያውን በሚቀጥለው ሳምንት አስጠግነዋለሁ፤ አታስቢ።

ወንድምሽ
ብሎን


ጥቅምት 21

ለወንድሜ ለብሎን፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። "ሲያድግ ስሙ ይቀርለታል" ይሉ ነበር፤ ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሞላህ፣ ዛሬም ብሎን ነህ። የአባባን ሬዲዮ ፈተህ ስትገጥም አንድ ብሎን ተርፎህ "ይሄ ትርፍ ነው፣ አያስፈልገውም" ያልከው እስካሁን ያስቀኛል። ሬዲዮው ከዚያ ወዲህ እንዳልተናገረም አልረሳሁም።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ቦታዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቴ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ዝናቡ ሲዘንብ ግድግዳው ይጠቁራል፣ ሲያባራ ይነጣል፤ የአየር ሁኔታ የማውቀው በሱ ነው። ሥራዬን ለእማዬ ማስረዳት አቅቶኝ ትቼዋለሁ። ሌሎች ይሠራሉ፣ እኔ እሰብራለሁ፣ ለዚህም ይከፍሉኛል። አንተ በልጅነትህ በነጻ ትሠራው የነበረው ማለት ነው።

ላፕቶፑን የሥራ ባልደረባዬ ታላቅ እህት ይዛልህ ትመጣለች። ስትቀበላት መጀመሪያ የምታደርገውን ልንገርህ። ላፕቶፑን ከሆስፒታሉ መረብ ጋር አታገናኘው። ኬብሉን ንቀል፣ ዋይፋዩንም አጥፋ። ከዚያ የፕሮግራሙን ሙሉ ኮፒ በፍላሽ ይዘህ እላዩ ላይ ጫን። የበሽተኞቹን መዝገብ ግን ባዶውን ሣጥን ብቻ ውሰድ፤ ሰዎቹን አትውሰድ። የሰው ሕመም ያለበት ነገር በላፕቶፕ ተይዞ አይዞርም። በነሱ ፈንታ ከራስህ ፍጠር፦ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ስሙ አለቅጥ የረዘመ፣ ዕድሜውን የማያውቅ። ለውጥ ሁሉ መጀመሪያ እነሱ ላይ ይሞከር። እነሱ ቢሞቱ የሚያለቅስ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። "ትንሽ ችግር" ያልከው ምን ነበር? የተበላሸው ምን እንደሆነ ካወቅኩ ምን መሞከር እንዳለብህ እነግርሃለሁ።

እማዬን ሳምልኝ። እኔ የምለውን ከራስህ አትፍጠር፤ ወይም ፈጥረህ ከነገርካት ለኔም አሳውቀኝ፣ እንዳልጋጭ።

እህትህ


ኅዳር 15

ለእታለም፣ ለኩራታችን፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ በሙሉ ጤንነት ያግኝሽ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ላፕቶፑ በሰላም ገብቷል። ሴትየዋ ከነቦርሳው ታቅፋ አምጥታልኝ አክስቴ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች።

እንዳልሽኝ አደረግኩ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ስር ሰው ስለማይረግጠኝ ቁጭ ብዬ በሽተኛ እፈጥራለሁ። የመጀመሪያው በሽተኛዬ አቶ የለም የትናየት ይባላሉ፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ሕመማቸው ብዛቱ ለጉድ ነው። ወይዘሮ ሙከራ አሉ። ስማቸው ሁለት መስመር የሚፈጅ አንድ ባላባት ጨመርኩ። አሁን ሃያ ስድስት ሆነዋል፤ ላፕቶፑን "የሌሉ በሽተኞች ክፍል" ብዬዋለሁ።

ታዲያ ሰኞ ጠዋት የሆነውን ስሚ። መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ተራ ጠሪዋ "አቶ የለም! አቶ የለም የትናየት!" እያለች ትጣራለች። ሰው ሁሉ ይስቃል። አንዱ "የለም ካሉ የሉማ፣ ምን ትለፊያለሽ!" ይላታል። እሷ ተናዳ ለአራተኛ ጊዜ ጠራች። እኔ ደረጃው ስር ሆኜ ላብ በላብ ሆንኩ። የኔ በሽተኛ ከላፕቶፑ እንዴት ወጥቶ ሆስፒታል ገባ? አላውቅም። ነገሩን "ሙከራ ነው" ብዬ አለባበስኩት።

እንድታዪልኝ ፎልደሩን ሙሉውን በኢሜይል ልኬልሻለሁ። የእውነተኛ ሰው ስም አንድም የለበትም፤ ፈትሼዋለሁ።

አክብሮቴ ይድረስሽ፤
ብሎን


ኅዳር 18

ለብሎን፤

ደህና ነህ ብዬ አምናለሁ። በአቶ የለም በጣም ስቄያለሁ፤ አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌ፣ በሁለት ዓመት ሦስት ቃል ብቻ የተናገሩኝ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ኬብሉን መልሰህ ሰክተህ ነበር አይደል? ፕሪንተሩን ፍለጋ ይሆናል። ፕሮግራሙን ስትገለብጠው ደግሞ የዋናው ሰርቨር አድራሻና ፓስወርድ አብሮት መጥቷል። ስለዚህ አንተ ላፕቶፑ ላይ የጻፍክ ሲመስልህ የጻፍከው ሆስፒታሉ ላይ ነው። ሌላ ቤት ሠራሁ ብለህ ገብተህ የተቀመጥከው እዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው ማለት ነው። ሰው ስላልተጎዳ አመስግን። "አድራሻ" የሚለውን ፋይል ክፈትና ላፕቶፑ ራሱን ብቻ እንዲያይ ለውጠው። የላፕቶፑ ፓስወርድ ከዋናው የተለየ ይሁን፤ ተሳስተህ እንኳ ብትሞክር በሩ እንዳይከፈትልህ። የተጣለ አሮጌ ፕሪንተር ካለ በቀጥታ በኬብል እሱን ብቻ አገናኝ። ለውጥ ከማድረግህ በፊት ደግሞ የቀድሞውን ሁልጊዜ ቀን ጽፈህበት አስቀምጥ።

ከዚያ መጀመሪያ የምትሞክረው ግማሽን ነው። ቀጥሎ ሩብን። ነጥብ ያለበትን ቁጥር ሁሉ አስገብተህ ተለጣፊው ላይ ምን እንደሚወጣ በዓይንህ እይ።

ይህን ፕሮግራም ካንተ ሌላ የሚነካ ሰው አለ?

እህትህ


ኅዳር 22

ለእታለም፤

ጤና ይስጥልኝ። ያልሽኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። አቶ የለም ከላፕቶፑ አይወጡም። ከመጋዘን አንድ አሮጌ ፕሪንተር አውጥቼ አጽድቼ አገናኘሁት፤ እንደ ሽማግሌ እያሳለ ያትማል። ግማሽም ሩብም በትክክል ይታተማል።

ፕሮግራሙን ከእኔ በቀር የሚነካው የለም።

አክስቴ ለምን ደወል እንደምታበዢ ግራ ገብቷታል፤ "የሆነ ነገር አለ፣ ድምጿ ልክ አይደለም" ትላለች። ሥራ በዝቶባት ነው ብያታለሁ። ጣሪያው ገና አልተሠራም።

ብሎን


ጥር 28

ለወንድሜ፤

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቴ ሳያሳስብህ አልቀረም። አንተም አልጻፍክም። ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ትቼዋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እኔና አንተ "ሥራ በዛ" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የላክልኝ ፎልደር ውስጥ የበሽተኛ ስም አልነበረም። የለውጥ መዝገቡ ግን ነበር። ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚመዘግበው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ። መስከረም 12 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ተለጣፊው ላይ የመጠኑ ቦታ ከሦስት ፊደል ወደ አንድ ዝቅ ብሏል። በዚያው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ወደ ሦስት ተመልሷል። ዜሮ፣ ነጥብ፣ አምስት፤ ሦስት ፊደል ነው። ለአንድ ፊደል ብቻ ቦታ ካለ የሚተርፈው የመጨረሻው ነው። አምስት።

ይህን ያየሁት ኅዳር 18 ነው። ለዚያ ነው "ግማሽን ሞክር" ያልኩህ። ትነግረኛለህ ብዬ ነበር። "በትክክል ይታተማል" ብለህ መለስክልኝ። እውነትህን ነው፣ አሁን በትክክል ይታተማል።

ያቺ ፋርማሲስት ምን ላይ ነው ያለችው? እማዬን በስልክ ጠየቅኳት። "ጨርቅ መሸጫ ገብታ ሜትር ይዛ ትውላለች፣ ከስታለች" አለችኝ።

እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ሞካሪ ነኝ። ስህተት አገኘሁ፤ የምጠይቀው ባለቤቱን ነው። ንገረኝ።

እህትህ


የካቲት 3

ለእታለም፤

ደብዳቤሽን ደረጃው ስር ሆኜ አነበብኩት። ሰዎች አናቴ ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። አንብቤ ስጨርስ ሁሉም ያወቁ መሰለኝ።

እነግርሻለሁ። ነርሶቹ የተለጣፊው ጽሑፍ ከዳር እየተቆረጠ አስቸገረን አሉኝ። የመጠኑን ቦታ ባሳጥረው ለጽሑፉ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። አብዛኛው ትዕዛዝ አንድ ክኒን፣ ሁለት ክኒን ነው። ግማሽ የሚባል ነገር ያን ቀን ጠዋት ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። በቃ፣ ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። አመሰገኑኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተኝቶ ታካሚ ክፍሏ ነርስ መጥታ "ብሎን፣ ማሽንህ አብዷል እንዴ? ለግማሽ ክኒን አምስት ብሎ አትሞልኛል" ብላ ሳቀች። እሷ በእስክሪብቶ አርማው ነበር። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው መለስኩት። ከዚያ የቀኑን ትዕዛዝ አየሁ። ግማሽ ክኒን የታዘዘላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የሷ በሽተኛ፣ ሌላው ጡረተኛው ሹፌር። መድኃኒታቸውን ይዘው ሄደዋል። ስልክ አላስመዘገቡም፤ የሰፈር ስም ብቻ ነው ያለው። ፋርማሲስቷ በቃሏ ነግራቸው ይሆናል አልኩ። ሄጄ ልጠይቃት ተነሳሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ሰልፉ ረዝሞ አየሁና ነገ እጠይቃታለሁ ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ የለውጥ ጥያቄ በዛ። በአራተኛው ቀን ሹፌሩ ሞቱ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ብልቃጡን አመጡ፤ "በቀን 5" ይላል። እሷ "ዜሮ ነጥብ አምስት ነው የጻፍኩት" ብላ ማለች። እኔን ጠሩኝ። ሊቀመንበሩ "ኮምፒውተሩ ራሱ ሊሳሳት ይችላል?" አለኝ። እኔም "ኮምፒውተር ያስገቡለትን ነው የሚያትመው" አልኩ። ይቺን ብቻ። እሷ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያልገባው ሰው አስተያየት ነበር። ሌላ የጠየቀኝ የለም።

የለውጥ መዝገቡን ልሰርዘው እጄን ሰድጄ ነበር። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። ፎልደሩን ላንቺ በላክኩ ጊዜም እዚያ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር ወይ ብትዪኝ፣ እሱንም አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ውጭ አገር ድረስ የሚታወቅ ድርጅት ውስጥ ነሽ። ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፊልኝ፦ እንዲህ ያለ ፕሪንተር አንዳንዴ ነጥብ ይጥላል፣ የሰው ጥፋት አይደለም ብለሽ። እሷም ነፃ ትወጣለች፣ እኔም እተርፋለሁ። ማንንም አይጎዳም። አክስቴን የማስታምማት እኔ መሆኔን አስቢ። አንቺ እዚያ ሆነሽ መስኮትሽን እያየሽ እንዲህ ነው ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን በየቀኑ በዚያ መድኃኒት ክፍል መስኮት ፊት ለፊት አልፋለሁ።

ብሎን


የካቲት 6

ለወንድሜ፤

አልጽፍም።

ፕሪንተሩ ነጥብ አልጣለም። እንዲህ ብዬ ከፈረምኩ ሌሎች ሆስፒታሎችም ፕሪንተራቸውን ይጠራጠራሉ፣ ደረጃው ስር ያለውን ሰው ግን ማንም አይጠይቅም። አንተም ነገ ሌላ ለውጥ ታደርጋለህ።

ተቆጥቼ አይደለም። መቆጣት የምችልበትን ጊዜ አሳልፌዋለሁ። ያልከውም እውነት ነው፤ መስኮቴን እያየሁ ነው የኖርኩት። አውቄ ዝም ያልኩባት እያንዳንዷ ቀን እኔ ላይ ናት። እማዬን ማን ያስታምማታል የሚለውን እኔም አስቤዋለሁ፤ ካንተ በፊት አስቤዋለሁ። ለዚያ ነው ዝም ያልኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያዘጋጀኸው ቦታ አለ አይደል? እዚያ ውስጥ ያንን የመስከረም 12ን ለውጥ እንደገና አስገባ። አቶ የለም ላይ ግማሽ ክኒን እዘዝና አትም። የሚወጣውን ተለጣፊ ከለውጥ መዝገቡ ጋር ያዝ። የኔ ደብዳቤ ከዚያ በላይ የሚናገረው የለም። ወዴት እንደምትወስደው አንተ ታውቃለህ።

ብትወስደውም ባትወስደውም ወንድሜ ነህ። ባትወስደው ግን ደብዳቤ የምንጻጻፍበት ነገር አይኖረንም።

እህትህ


መጋቢት 17

ለእታለም፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ወር ከአሥር ቀን አቆየሁሽ። ከዚያ ውስጥ ሃያውን ቀን ምንም አላደረግኩም፤ ተናድጄብሽ ነበር። የቀረውን ልንገርሽ።

አንድ እሁድ ለውጡን ላፕቶፑ ላይ አስገባሁት። አተምኩ። አሮጌው ፕሪንተር ሳል ሳል ብሎ "አቶ የለም የትናየት፣ በቀን 5" አለኝ። እንደሚወጣ ባውቅም ወረቀቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ላፕቶፑንና ፕሪንተሩን ተሸክሜ ጨርቅ መሸጫው ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ለአንዲት ሴት መጋረጃ እየለካች ነበር። አየችኝና ሜትሩን አላስቀመጠችውም።

"ምን ፈልገህ ነው?" አለችኝ።

"አንድ ነገር ላሳይሽ።"

"አክስትህ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት። እባክሽ፣ አንዴ ብቻ።"

ደንበኛዋ እስክትሄድ ጠበቅኩ። የጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "እንደዚያ ቀን አድርገሽ ጻፊ" አልኳት። ገባት መሰለኝ፤ ሜትሩን አስቀመጠች። ዜሮ፣ ነጥብ፣ አምስት ብላ ጻፈች፤ እያንዳንዱን ጮክ ብላ እየጠራች። ወረቀቱ ወጣ። አነሳችው። ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየችው።

"እንግዲያ ጽፌው ነበር" አለች።

"ጽፈሽው ነበር።"

"ባሌ እንኳ 'ደክሞሽ ይሆናል' ነው ያለኝ። በኋላ እኔም ደክሞኝ ይሆናል ብዬ አመንኩ። አጻጻፌን ስለማላምን እዚህ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ነው የምለካው። ባለሱቁ ይስቅብኛል።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ያን ቀን ተለጣፊውን ለጥፌ ሰጠኋቸው እንጂ አላነበብኩትም። ሰልፍ ነበር። እሱ የኔ ነው፣ አልክደውም። የቀረውን ግን ውሰድልኝ።"

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችና "አሁን አይደለም" አለችኝ። ሌላ ደንበኛ ገብታ ነበር።

ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ሁለቱን ወረቀት አየ፣ የለውጥ መዝገቡን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። "ነገሩ እኮ ተዘግቶ ነበር" አለኝ። "ሰው ረስቶት ነበር። ምን አስነሳህ?" "እሷ አልረሳችውም" አልኩ። በዚያው ሰዓት ቁልፌን አስረከብኩ። ፖሊስ ቃሌን ተቀብሏል፤ ቀን እስኪቆረጥ ቤቴ ነኝ። ፋርማሲስቷን ተመለሺ ብለዋት አስብበታለሁ ብላለች። ደረጃው ስር አንድ አዲስ ሰው ገብቷል። ላፕቶፑን ከነአሠራሩ ጽፌ አስረክቤዋለሁ፤ ለውጥ ሁሉ አስቀድሞ እዚያ እንዲታይ ዳይሬክተሩ በወረቀት አዟል። አቶ የለም ከኔ ይልቅ ሥራ ላይ ናቸው።

የሹፌሩን ልጅ ማየት ነበረብኝ። ማንም አላዘዘኝም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ሰፈሩን ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። የአባቷ ጃኬት በሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ያመጣኝን ሁሉ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፣ ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "ስንት ሰዓት ላይ ነው የመለስከው?" አለችኝ።

"ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት።"

"በዚያው ቀን?"

"በዚያው ቀን።"

"በማግስቱ አባቴ 'አምስት አይበዛም ወይ? ድሮ ግማሽ ነበር የምውጠው' ብሎ ጠየቀኝ። ለሥራ እየተጣደፍኩ ነበር። 'የተጻፈውን ዋጥ አባዬ፣ ሐኪሙ ካንተ ያውቃል' አልኩት። ውኃ የቀዳሁለት እኔ ነኝ።" ጃኬቱን አየችው። "ስድስት ወር ሙሉ አባቴን እኔ ገደልኩት ብዬ ነው የኖርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። አንተ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እኔ ይህን ስድስት ወር..."

በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ደረጃው ላይ ስወርድ ስትቆልፈው ሰማሁ።

እታለም፣ አንድ ሰው የጎዳሁ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ሁለት መሰለኝ። አሁን መቁጠር ፈርቻለሁ።

አክስቴ ሰምታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን "ያቺ ልጅ እናቴ ትለኝ ነበር" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አላነሳችም። ምግብ ግን ታቀርብልኛለች። የምለምንሽ ነገር የለም።

ብሎን


መጋቢት 22

ለወንድሜ ለብሎን፤

እግዜር ያጽናህ። የሹፌሩንም ልጅ ያጽናት፤ ፋርማሲስቷንም።

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ አነበብኩትና ተነስቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ "ሐዘን ነው?" አሉኝ፤ በሦስተኛው ዓመት አራተኛው ቃላቸው መሆኑ ነው። "አዎ" አልኳቸው። የማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ቀን ሲቆረጥ ወዲያው አሳውቀኝ፤ እመጣለሁ። ጣሪያውን እኔ አስጠግነዋለሁ፣ እማዬንም ለጊዜው እኔ እይዛታለሁ። የቆመልህን ጠበቃ በስልክ አነጋግሬዋለሁ። እህቱ ነሽና ስለ ደግ ጠባዩ ትመሰክሪለታለሽ አለኝ። ስለ ጠባይህ የምለውን እላለሁ፤ ሬዲዮ ከመስበር በቀር ክፉ ነገር አላየሁብህም።

ግን የምመጣው ለዚያ ብቻ አይደለም። ኅዳር 18 ቀን አውቄ ነበር። እስከ ጥር 28 ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ሰባ ቀን ነው። ያቺ ልጅ ካለቀሰችበት ስድስት ወር ውስጥ ሰባው ቀን የኔ ነው። ፋርማሲስቷ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ከለካችበት ጊዜ ውስጥም እንደዚሁ። ይህን ላንተ ጽፌ ልገላገለው አልችልም። ስደርስ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሁለቱ ቤት ነው፤ አንተ አትከተለኝ፣ አድራሻቸውን ብቻ ጻፍልኝ። በር ካልከፈቱልኝ ደጅ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።

ለእማዬ እንደምመጣ ንገራት። ለምን እንደሆነ ግን እኔ ነኝ የምነግራት።

እህትህ